አውሮፕላኑ ያርፋል፤ ጆሮስ የት ይረፍ?

ዛሬ ይዣችሁ የምዞረው ላንጋኖ ወይም ሶደሬ አይደለም። ሦስት የአየር ማረፊያ ሰፈሮችን ነው። አንዱ የነበረ፣ አንዱ ያለ፣ አንዱ ደግሞ ገና የሚመጣ። "ደግሞ አየር ማረፊያ ምን ይታያል?" እንዳትሉኝ። የሚታየው ትንሽ ነው፤ የሚሰማው ግን ብዙ!

ነገሩ የተጀመረው እትዬ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከቦሌ ሚካኤል ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ክዳን ቤት ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው የሰፈር አድባር ናቸው። እሳቸው ቤት ወሬ የሚወራው በቁራጭ ነው። የጎረቤቱን ጉዳይ እያጦፉት ሳለ ድንገት ሌባ ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ መስኮቱ ይርገፈገፋል፤ ጣሪያው ያጉረመርማል። አውሮፕላኑ ያልፋል። ጣታቸው ይወርዳል። "እና ምን አለችው መሰለህ..." ብለው ካቆሙበት ቃል ላይ ይቀጥላሉ። አንዲት ቃል አትጠፋቸውም።

የጠፋባት የልጅ ልጃቸው ናት። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ስትሆን ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም። አንዱን መስመር ሁለቴ ስትደጋግመው ሰምቼ "ለምንድነው ሁለቴ የምታነቢው?" አልኳት።

"አንዱን አውሮፕላኑ ይወስድብኛል ጋሼ" አለችኝ።

ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቄ ከነከነኝ።

ያን ሌሊት እዚያው አደርኩ። የቦሌን ጠባይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀን ላይ ጋብ ሊል ይችላል። ምሽት ሲሆን ከአፍሪካ ከተሞች መንገደኛ ያመጡት ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያ፣ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ተከታትለው ይነሳሉ። እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ ይዘልቃል። ገና ዓይኔን ከድኜ ሳልጨርስ ማለዳ የሚገቡት ደረሱ። አሥራ አራት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በግ ብቆጥር ይሻለኝ ነበር!

በማግስቱ "ይኼ ነገር ከየት ጀመረ?" ብዬ ታክሲ ያዝኩና ኦልድ ኤርፖርት ወረድኩ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዋዛ አይደለም። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ እዚያ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ቦሌ የሚባል አየር ማረፊያ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ ግን የልደታ ማኮብኮቢያ አጠራቸው፤ ማረፊያው ከከተማው ውጪ ወደነበረው ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት የኤምባሲዎችና የቪላዎች ሰፈር ነው። ከግንብ አጥር ኋላ የወፍ ድምፅ ይሰማል። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ "ከከተማው ውጪ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ከዚያ ወደ ቦሌ ተመልሼ የአጥሩን ዙሪያ በእግሬም በታክሲም አዳረስኩት። ገርጂ አለ፤ ቦሌ ሚካኤል አለ፤ በምሥራቅ በኩል ጎሮና ሰሚት፣ በምዕራብ በኩል ሳሪስ አለ። ውጪ የነበረው ቦሌ አሁን መሀል ከተማ ሆኗል። አየር ማረፊያው ወደ እኛ አልመጣም፤ እኛ ነን የሄድንበት። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ሥራ አለ፣ ውሃና መብራት ይደርሳል እያልን አጥሩ ሥር ድረስ ገነባን።

ቦሌ ሌላም መከራ አለበት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ርቀት መንደርደር አለበት፤ ለዚህም ነው ትልቁ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር የሆነው። ከተነሳም በኋላ ቶሎ ሽቅብ አይልም። ዝግ ብሎ ወጣ ማለት ደግሞ ከጣሪያችሁ ብዙም ሳይርቅ ቆየ ማለት ነው።

ሽታውስ? ንፋሱ ወደ እትዬ ግቢ ሲመጣ የድሮ ፋኖስ ሽታ ይሸታችኋል። የጄት ነዳጅ የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነውና አይግረማችሁ። የማይታየው ግን ይብሳል፤ ከሞተሩ የሚወጣው እጅግ ደቃቅ ብናኝ በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሎስ አንጀለስ የወጣ ጥናት ይኼው ብናኝ ከአየር ማረፊያው በነፋስ አቅጣጫ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ በርክቶ መገኘቱን አሳይቷል። እኛ ደግሞ የመንገዱን የናፍጣ ጭስ እንጨምርበታለን።

አሁን ወደ ተማሪዋ ልመለስ። የጀርመኗ ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌውን አየር ማረፊያ ዘግታ አዲስ ከፈተች። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊትም በኋላም የሁለቱን ሰፈር ልጆች ፈተኑ። በአሮጌው አጠገብ ያሉት ልጆች ጩኸቱ ሲቆም ንባባቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሻለ። በአዲሱ አጠገብ ያሉት ደግሞ ወረደባቸው። አያችሁ? ጩኸቱ አልጠፋም፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ሰፈር ገባ እንጂ!

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የአውሮፕላን ድምፅ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ40 በታች እንዲሆን አጥብቆ መክሯል። እንቅልፍ እየተቆራረጠ ሲኖር ልብና የደም ግፊት ይከተላል። "ለመድነው" የምንለው ጆሯችን ነው እንጂ ልባችን አልለመደም።

ሦስተኛው ጉዞዬ ቢሾፍቱ ነበር። ከቃሊቲ በሚኒባስ ዱከምን አልፈን ስንሄድ ግራ ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። በዚህ አካባቢ፣ አቡሴራ በሚባለው ስፍራ አዲሱ ታላቅ አየር ማረፊያ ይሠራል፤ የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው በጥር 2018 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ፣ አራት ማኮብኮቢያም እንዲኖረው ታስቧል። የቢሾፍቱ ሰው ከአየር ኃይሉ የተነሳ ለአውሮፕላን እንግዳ አይደለም፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው።

ሻይ የጠጣሁበት ቤት አንድ ጎልማሳ "መሬት እዚህ አካባቢ ከያዝክ አሁን ነው፣ ነገ አታገኘውም" አለኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። ልደታን ለቀን ወደ ቦሌ ስንሄድም "አሁን ነው" ያለ ሰው ሳይኖር አይቀርም። አየር ማረፊያው በሸሸ ቁጥር እየተከተልነው የት እንደርሳለን?

መፍትሔ የለውም እንዳይባል ዓለም መላውን ካወቀው ሰንብቷል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 አራት ነገር አስቀምጧል፤ ድምፁን ከምንጩ መቀነስ፣ በዙሪያው ያለውን መሬት በዕቅድ መጠቀም፣ አነሳስና አስተራረፍን ማስተካከል፣ በመጨረሻም በረራን በሰዓት መገደብ።

አንደኛው በእኛም አገር ተጀምሯል። አየር መንገዳችን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ቦይንግ 787 ከድሮዎቹ በጣም የተሻለ ዝምተኛ ነው። እትዬም ይህን ያውቁታል። "የድሮዎቹ ሲያልፉ ውሻው አልጋ ሥር ይገባ ነበር፤ አሁን ቀና ብሎም አያያቸው" ይላሉ። ችግሩ አንዱ አውሮፕላን ዝም ሲል ብዛታቸው ጨመረ።

አነሳስና አስተራረፍ የሚባለው ደግሞ አብራሪው ደረጃ በደረጃ እያቆመ ሞተሩን ከሚያስጮህ፣ ከላይ ጀምሮ እንደ ሸርተቴ ወጥ ሆኖ መውረዱ ነው፤ ድምፅም ነዳጅም ይቀንሳል። መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላንም ጭራው ላይ ባለች ትንሽ ሞተር ከሚያፏጭ ከተርሚናሉ መብራት ሲሰጠው ጭሱም ፉጨቱም ይቆማል። ዙሪክ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ይበልጥ የሚያጨስ አውሮፕላን የማረፊያ ክፍያው እንዲጨምር አድርጋለች። ፍራንክፈርት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አታስተናግድም። ለእኛ የሌሊቱ በረራ የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ ይኼኛው ይከብዳል፤ አልዋሽም። የእትዬ ኪራይ ቤት ተከራዮች እኮ አየር ማረፊያ ሠራተኞች ናቸው!

እኔን የደነቀኝ ግን የሆላንዱ ነው። አምስተርዳም አጠገብ ያለው ስኪፖል አዲስ ማኮብኮቢያ ከከፈተ በኋላ የሰፈሩ ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ገበሬዎች መሬቱን ሲያርሱት ከመሬት ተንከባሎ የሚመጣው ጩኸት ይቀንሳል። ለካስ ፈሩ ድምፁን ይሰብረዋል! እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያው ሐሳብ በረድፍ በረድፍ የአፈር ጉብታ ሠርተው መናፈሻ አደረጉት። ይህን ሳስብ ከሚኒባሱ መስኮት ያየሁት የጤፍ ማሳ ትዝ አለኝ። ከአዲሱ አየር ማረፊያ ዙሪያ መሬት ለቤት ከመሸንሸን ለእርሻና ለዛፍ ብንተወው ምን ይለናል? ከቦታው የሚነሱት አርሶ አደሮች ሌላ ጩኸት ሥር እንዳይሰፍሩም ማሰብ ነው።

እስከዚያው ለእኛ ለተከራዮቹ የምትሆን ምክር ልጣል።

ደላላ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ወስዶ "ፀጥ ያለ ሰፈር ነው" ቢላችሁ አትመኑት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ አንዴ ደግሞ ማለዳ ሄዳችሁ ቁሙ። ኮርኒስ ያለው ቤት ከሌለው በእጅጉ ይሻላል። መኝታችሁን ከማኮብኮቢያው በተቃራኒ በኩል አድርጉ። የመስኮትና የበሩን ክፍተት በጎማ ድፈኑ፤ መጋረጃ ብቻውን ብዙ አይሠራም። የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ይገኛል። ተማሪ ካላችሁ ዋናውን ጥናት ጋብ በሚልበት ሰዓት አድርጉለት። የነዳጁ ሽታ ሲበረታ መስኮት ዝጉ፤ ሲጠራ ክፈቱ።

ከቢሾፍቱ ስመለስ ይኼን ሁሉ ለእትዬ አወራሁላቸው። እንደ ልማዳችን ሦስት ጊዜ ተቋርጠን ነው ያለቀው። በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

"እኛስ ስንመጣ አውሮፕላኑ ነበረ፤ አውቀን ነው የገባነው፣ ማንን እንከሳለን? እዚያ ግን ገና ማንም አልገባም። ጻፈው ልጄ፤ ሰው ሳይገባ ነው የሚነገረው።"

ይኸው ጻፍኩት እትዬ። ልጅቷም ፈተናዋን ደህና ታድርግልን።

ቸር ይግጠመን፤ ለጆሯችሁም ዕረፍት ይስጣችሁ!