ከመጨረሻው መጀመር

ክረምት ላይ ዝናቡ ከደጅ ሲያግደን ታላቅ እህቴ የክብሪት እንጨቶች መደቡ ላይ ትደረድርና ትጠራኝ ነበር። 20 እንጨት ይደረደራል፤ በየተራችን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት እናነሣለን፤ የመጨረሻዋን ያነሣ አሸናፊ ነው። «ታናሽ ይጀምራል» ትለኛለች፤ እጀምራለሁ። እሷ ታሸንፋለች። ሁልጊዜ።

«እትዬ፣ ምን እያየሽ ነው የምታነሺው?» አልኳት አንድ ቀን። እንጨቶቹን ሰብስባ አራት ብቻ አስቀረች። «ተራው ያንተ ነው፤ በል አንሣ።» አንድ ባነሣ ሦስቱ ለእሷ ነው፤ ሁለት ባነሣ ሁለቱ፤ ሦስት ባነሣ አንዷ። ቀጥላ ስምንት አደረገችው። «አሁን አንተ ያነሣኸው ላይ እኔ ጨምሬ አራት እሞላለሁ። ያው አራቱ ላይ ትደርሳለህ።» ከስምንት ወደ 12፣ ወደ 16፣ ከዚያ 20። ለካ ጀማሪው ገና እጁን ሳይዘረጋ ነገሩ አልቋል! 21 ቢሆን ኖሮ ጀማሪው አንዷን አንሥቶ 20ውን ለሌላው ያስረክብ ነበር። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ይህንኑ መንገድ ከሒሳብ መምህራችን ጋር ዳግመኛ አገኘሁት። አንዱ ዘጠኝ ሊትር፣ ሌላው አራት ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች አሉ፤ ልክ ስድስት ሊትር ውኃ ቅዱ አሉን። ክፍሉ በሐሳብ ሲሞላና ሲደፋ ቆየ። እሳቸው ትልቁን ባልዲ ሰሌዳው ላይ ሥለው ውስጡ 6 ጻፉ። «ተገኘ እንበል። ይህ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር?» ትልቁ ሙሉ ነበር፣ ሦስት ሊትር ተቀንሶለታል። ሦስቱ የት ገባ? ትንሹ ባልዲ ውስጥ፤ አስቀድሞ አንድ ሊትር ኖሮበት ከሆነ። አንዱስ ከየት መጣ? ከዘጠኙ ላይ አራት ሁለት ጊዜ ሲቀዳ የሚተርፈው አንድ ነው። እዚያ ላይ ክፍሉ በእልልታ ሊፈርስ ምንም አልቀረው።

ጥያቄው ስታንፎርድ ያስተምር የነበረው ሃንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ፖልያም የዘዴውን ገለጻ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከእስክንድርያው ፓፑስ ይወስዳል። የሚፈለገው እንደ ተገኘ ይቆጠራል፤ ከምን እንደሚመጣ እየተጠየቀ ወደ ታወቀ ነገር ይኬዳል፤ ከዚያ ዞሮ ከታወቀው ተነሥቶ ወደ ፊት ይረጋገጣል። ብዙ ሰው ይህችን የኋለኛዋን ክፍል ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወዳት እሷን ነው። መምህራችንም አንድ ተማሪ አስነሥተው ውኃውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳያስቀዱ ሰሌዳውን አላጠፉም።

ወደ ፊት ማረጋገጡ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ሼርሎክ ሆምስን ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ፣ ከውጤት ተነሥቶ ወደ ምክንያት ማሰብ የሚችሉ ጥቂቶች ናቸው ይላል። ደራሲው ኮናን ዶይል ለዚህ ገጸ ባሕርይ መነሻ ያደረገው በኤድንብራ ሕክምና ያስተማረውን ጆሴፍ ቤልን ነው፤ ቤል የበሽተኛውን ሥራ ከእጁና ከአረማመዱ ያነብ ነበር። ታሪኮቹን እወዳቸዋለሁ። ሆኖም ጫማ ላይ ያለ ጭቃ ከብዙ መንገድ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ያየ ሐኪም ወደ ኋላ ሲያስብ ወባም ታይፎይድም ይመጡለታል፤ ስለዚህ ወባ ከሆነ ደሙ ውስጥ ተውሳኩ መታየት አለበት ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ደም ያስመረምራል።

አሁን የዘመድ ልጆች ሲመጡ ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 የጻፈውን የፖም ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። ሰውየው ፖም ለቅሞ ሰባት በሮች ያልፋል፤ በየበሩ ለዘበኛው ከያዘው ግማሹንና አንድ ተጨማሪ ይሰጣል፤ በመጨረሻ አንድ ፖም ይቀረዋል። ስንት ለቅሞ ነበር? ከሰባተኛው በር በፊት 4፣ ከስድስተኛው በፊት 10፣ ከዚያ 22፣ 46፣ 94፣ 190፣ 382። 382 ያለኝን ልጅ አቅፌ እስመውና፣ ፖሞቹን አስይዤ ከመጀመሪያው በር አስነሣዋለሁ።