ስለ ዛፍና ውሃ ለጠየቅሽኝ
ቃሊቲ ማረሚያ ቤት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ባለፈው ስንቅ ይዘሽ ስትመጪ «ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብለሽኝ፣ መልሱን ሳልጨርስልሽ የጥየቃው ሰዓት አለቀ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ውሃው እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ አስቢ። እዚህ ቃሊቲ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ስቦ ማውጣት የሚችለው ቢበዛ ከ8 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው፤ የዐየሩ ግፊት ከዚያ በላይ አያነሳለትም። ከአጥሩ ባሻገር የሚታየኝ ባሕር ዛፍ ግን ከ20 ሜትር ይበልጣል። ሞተር የለው፣ ድምፅ የለው፣ እስከ ጫፉ ያጠጣል! ባዮሎጂ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ይህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸኝም። ምክንያቱን ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የደብሊን ሊቃውንት በ1894 እ.ኤ.አ. አስረዱ። ቅጠሉ ላይ ውሃ ሲተን ከኋላው ያለውን ይጎትታል፤ የውሃ ቅንጣቶች አጥብቀው ስለሚያያዙ ጉተታው በግንዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ወርዶ ሥር ይደርሳል። ውሃው እንደ ገመድ ነው። ድርቅ ሲበረታ ይወጠራል፤ ዐየር ከገባበት ይበጠስና ያ ቧንቧ ሥራ ያቆማል።

ሥሩ ከሳበው ውሃ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆነው በቅጠሉ ተንኖ ይሄዳል። ብክነት እንዳይመስልሽ። ቅጠሉ ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልገዋል፤ ያንን ለማስገባት ቀዳዳዎቹን ሲከፍት ውሃው ይወጣል። ካልከፈተ አይበላም፣ ከፍቶ ከቆየ ይጠወልጋል። ዛፍ ቀኑን ሙሉ የሚያመዛዝነው ይህንን ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ባሕር ዛፍ በአጤ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ መጣ። አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ልትለቀቅ ስትል ያቆያት እሱ ነውና ውለታውን አንርሳ። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ይጠጣል፤ ምንጭ ዳርና እርሻ ጥግ ከተተከለ ይጎዳል። ለሚሰጠው እንጨት ሲሰላ ግን ስሙ የጠፋውን ያህል አባካኝ አይደለም። እኔ የምወቅሰው ቦታ ሳይመርጥ የተከለውን ሰው ነው።

አንቺ ግን እኔም ስላልኩሽ አትመኚ፣ ለኪ። ፀሐይ ስትወጣ የአንድ ባሕር ዛፍና የአንድ ወይራ ቀንበጥ ላይ ንጹሕ ፌስታል እሰሪ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ መዝኚ፤ ቅጠሉንም ቆርጠሽ መዝኚ፣ አለዚያ ማነጻጸር አይቻልም። እኩለ ቀን ላይ ድገሚው። የአራት ኪሎው የዕፅዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ ስለ አገር በቀል ዛፎች የጻፉትን መጽሐፍም ፈልገሽ አንብቢ፤ ጽድን ከቅርንጫፍ ቁራጭ ማባዛት እንደሚቻል በምርምር ያሳዩ ሰው ናቸው።

ቁጥሮቹን በደብተር ጻፊና በሚቀጥለው ጥየቃ አምጪልኝ፤ አብረን እናሰላቸዋለን።

አባትሽ