ከጥላ የተነበበ ቦታ

መስከረም 29 ቀን 2015፣ እሑድ
ማታ ከስዊፍት ሳተላይት ቡድን የተላከ መልእክት አነበብኩ። ሳተላይቱ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ10 ላይ እጅግ ደማቅ ነገር አይቶ ቦታውን ለዓለም አሳውቋል። ባለሙያዎቹ ለጊዜው የገመቱት በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ያለ ነገር እንደሆነ ነው።

መስከረም 30፣ ሰኞ
ግምቱ ተቀየረ። ፌርሚ የተባለው ሌላ ሳተላይት ከስዊፍት 53 ደቂቃ ቀድሞ በዚያው አቅጣጫ ኃይለኛ የጋማ ጨረር ፍንዳታ መዝግቧል። ስዊፍት ያየው ከፍንዳታው በኋላ የቀረውን ብርሃን ነው፤ ቦታውን አጥርቶ የለየው ግን እሱ ነው።

የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ በምን አወቀው?» አለችኝ። ጋማ ጨረር እንደ ተራ ብርሃን በሌንስ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ መንገዱ ላይ የተቀመጠ ነገር የሚጥለው ጥላ ነው የሚነበበው። ካርቶን እዚህም እዚያም በስተን ከኋላው ወረቀት አስቀመጥን፤ ቤቱን አጨልመን የስልክ መብራት አበራንበት። ስልኩን ወደ ግራ ስትወስደው ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጥላ ወደ ቀኝ ሄደ። «እንግዲያው ከጥላው ተነስቶ መብራቱ ያለበትን ማወቅ ይቻላላ!» አለች፣ እኔ ሳልነግራት።

ስዊፍት ላይ ከ50,000 በላይ ትናንሽ የእርሳስ ብረት ንጣፎች ያለ ሥርዓት ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው 32,768 ጠቋሚዎች ጥላውን ይቀበላሉ። ኮምፒውተሩ በሰከንዶች ውስጥ አቅጣጫውን ያሰላል። ሳተላይቱም የሰው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ዞሮ የኤክስሬይ ቴሌስኮፑን ያነጣጥራል፤ ቦታው ይበልጥ የሚጠራው ያኔ ነው።

«እኛንስ አልነካንም?» አለች። ጨረሩ ሲደርስ የመጣበት አቅጣጫ ከአዲስ አበባ ሰማይ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ነበር። ከባቢ አየር ግን ጨረሩን እላይ አስቀርቶታል፤ ጠቋሚው ሕዋ ላይ መሆን ያለበትም ለዚህ ነው።

ጥቅምት 1፣ ማክሰኞ
ቺሊ ያለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ርቀቱን ለክቷል፤ ብርሃኑ ወደ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ ነው የደረሰን። ቦታው ባይታወቅ ኖሮ ያ ቴሌስኮፕ ወዴት ይዞር ነበር? እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ስዊፍት ያገኘውን ቦታ ወዲያው ለሁሉም ማካፈሉ ነው። ቀሪው ብርሃን በየሰዓቱ እየደከመ ስለሚሄድ የዘገየ ወሬ አይጠቅምም። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ መልእክቱ ለእኛም እኩል ይደርሳል። የእህቴን ልጅ መልእክቶቹን እንዴት እንደምታነብ ከዛሬ ጀምሮ ላስተምራት ወስኛለሁ።