ከጎንደር በታች ያለው መንገድ

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ ስትመጡ አብርሃ ጅራ ላሉት የእህትና የወንድም ልጆች ብላችሁ የምትይዙት የከረሜላ ቫይታሚን አውሮፕላን ላይ ብዙም አይጎዳም። አዲስ አበባም ደህና ይሰነብታል። ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ምንም አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው ወደ ሳንጃ ቁልቁል ሲወረድ ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ በደህና የደረሰ ዕቃ፣ ልጆቹ ጋ ለመድረስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ይበላሻል።

በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የመተማና አብርሃ ጅራ የምትገኝበት የምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ብዙው የከረሜላ ቫይታሚን የረጋው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይላላል፣ ይቀልጣል። ሻንጣው ፖርቶ መጋላ ላይ ታስሮ ፀሐይ ሲመታው፣ ወይም ሚኒባሱ መስኮቱን ዘግቶ ሲቆም ያለውን ሙቀት አስቡት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጭው በ20 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል።

የቀለጠው ማታ ሲበርድ ተመልሶ ይረጋል፤ ግን አንድ ላይ ተጣብቆ ነው የሚረጋው። እናት በቢላዋ ቆርሳ ስትሰጥ ቁራሹ የአንድ ቀን መጠን ይሁን የአምስት ቀን ማወቂያ የላትም። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት በሙቀትና በእርጥበት ይዳከማሉ፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ እንደሆነ ስለሚቆይ ልጁ ጨምሪልኝ ይላል። ቫይታሚን ኤ፣ ካለበትም ብረት፣ ከመጠን ሲያልፉ ሕፃንን የሚጎዱ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የቀለጠው ይጣል። ከሩቅ አገር በፍቅር የመጣ ነገር መጣል እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጣል።

ጄላቲን ሌላም ጣጣ አለው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት አጥንት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር፣ የላኪው ዝምታ ተገቢ አይመስለኝም። በፔክቲን የተሠራውን ፈልጉ። ፔክቲን ከፍራፍሬ ልጣጭ ስለሚወጣ ለማንም አያስቸግርም፣ ሙቀትንም ከጄላቲኑ በተሻለ ይቋቋማል። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ነገር ነው። ሚኒሶታ ያለ ሐኪም ለልጃችሁ ቫይታሚን ዲ የሚያዘው በከፊል ክረምቱ ረጅም፣ ፀሐዩ ደካማ ስለሆነ ነው። አብርሃ ጅራ ፀሐይ አልጠፋም። እዚያ የሚያሰጋው የቫይታሚን ኤ፣ የብረትና የዚንክ እጥረት ነው፤ ብዙው የከረሜላ ቫይታሚን ደግሞ ብረት የለውም። ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ በነፃ ይሰጣል፤ ዓመት ላልሞላው 100,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ላለው 200,000። ለተቅማጥም ጤና ኬላ ላይ ዚንክና ኦ አር ኤስ አለ፤ ሁለቱም ደረቅ ሆነው የሚጓጓዙ፣ ሲፈለጉ ብቻ በውኃ የሚሟሙ ናቸው። መንገድ ሲዘጋና ጤና ኬላው ባዶ ሲሆን እነዚህ ይጎድላሉ፤ እውነተኛው ጭንቀት ያ ነው።

የቆላው ሰው ሙቀት መድኃኒትን እንደሚያበላሽ ያውቃል። ካላዛር ለተባለው በሽታ የሚሰጠው አምቢሶም የተባለ መድኃኒት ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ እዚያው ቆላ ባለችው አብደራፊ ካላዛርን ማከም የመድኃኒቱን ማቀዝቀዣም ማሰብ ነው። ብልቃጣችሁም ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት እዩት።

መላኩ ግድ ከሆነ የሚታኘከውን ደረቁን እንክብል ምረጡ፤ እሱ አይቀልጥም። የተገኘው ከረሜላው ብቻ ከሆነ ከታሸገበት አታውጡት፤ ከጎንደር ሌሊት ለሚነሣ ሰው ስጡ፣ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በእጁ ይያዘው። ፍሪጅ የሌለበት ቤት ብልቃጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ውኃ እንዳይነካው ከእንስራው ጎን በጥላ ይቀመጥ፤ ልጅ እጁ በማይደርስበት። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ለእህታችሁ ደውሉና ልጆቹ ሰሞኑን ምን እየበሉ እንደሆነ ጠይቁ። እንቁላል፣ ማንጎ፣ ምስር ከቤቱ ከጠፋ የብልቃጡን ዋጋ በስልክ ላኩላት፤ ገበያ ወጥታ ትገዛበታለች።