የሞቼ ሸክላና ወላዷ እናት

የዛሬው ጉዟችን ሩቅ ነው። በደቡብ አሜሪካ ፔሩ የምትባል አገር አለች። በምዕራብ በኩል ውቅያኖስ፣ በመካከሏ የአንዲስ ተራሮች አሏት። የባሕሩ ዳርቻ ግን በረሃ ነው። ዝናብ እምብዛም አይጥልበትም፤ ውሃው የሚመጣው ከተራራ በሚወርዱ ወንዞች ነው።

ከዋና ከተማው ከሊማ ወደ ሰሜን 560 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሞቼ ሸለቆ ይገኛል። ከ100 እስከ 800 ዓ.ም. ገደማ በአካባቢው የነበረው ሕዝብም ሞቼ ይባላል። (ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ሞቼዎች ቦይ ቆፍረው በረሃውን አጠጡ፤ በቆሎና ጥጥ አበቀሉ። ፊደል ግን አልነበራቸውም።

ታዲያ ኑሯቸውን በምን እናውቃለን? አንዱ መንገድ ሸክላቸው ነው። ጭቃውን በሁለት ቅርጽ ማውጫ ላይ ይጫኑታል፤ ሁለቱን ግማሽ ያጋጥሙታል፤ ቀይና ነጣ ያለ ቀለም ቀብተው ይተኩሱታል። የብዙዎቹ ማሰሮዎች እጀታ እንደ ፈረስ እርካብ የታጠፈ ነው። እጀታው ራሱ ክፍት ስለሆነ ውሃ በውስጡ ያልፋል።

በ1926 የተቋቋመው ላርኮ የሚባል ቤተ መዘክር ዛሬ ሊማ ውስጥ ይገኛል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳይቀር ለጎብኚ ክፍት ነው፤ መደርደሪያው ከታች እስከ ላይ ሸክላ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ምጥ ያሳያል። እናቲቱ ተቀምጣለች። አንድ ሰው ከኋላዋ ሆኖ አቅፎ ይዟታል። አዋላጇ ከፊት ናት፤ እጇን ዘርግታ ሕፃኑን ትቀበላለች። የሕፃኑ ራስ ብቻ ብቅ ብሏል።

እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ሠሪው ልጇን ታቅፋ የምታጠባ እናት መሥራት ይችል ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሸክላዎችም አሉ። እሱ ግን የጭንቁን ሰዓት መረጠ፤ የሚደግፏትንም ሰዎች አልረሳም።

ብዙዎቹ ሸክላዎች ከሙታን ጋር የተቀበሩ ናቸው። ስፔናውያን በ1532 ፔሩ ከገቡ ወዲህ ስንቱ መቃብር ተቆፈረ! ወርቁ ተዘረፈ፤ በኋላም ሸክላው ተሸጠ። ዘራፊ ያወጣው ማሰሮ ከማን አጠገብ እንደተነሣ የሚናገር የለም። ከሽማግሌ አጠገብ ይሆን? ወይስ በወሊድ ከሞተች እናት አጠገብ? አጥንቱ ከነቦታው ቢቆይ ኖሮ ይህን ይነግረን ነበር።