መድረክ ላይ ስለ እኔ የተነገረው ትክክል አልነበረም

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ጊዜ የሌላችሁ ለማታ አቆዩት። እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ምክንያቱም የምጽፈው ስለ ራሴ ውሸት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ዕለት አንድ የድሮ ተማሪዬ ማስተርሱን ስለጨረሰ ለምርቃቱ ድግስ ጠርቶኝ ነበር። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔ መጨረሻ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ፣ ደብተር በወጉ የማይገዛለት፣ ግን ጥያቄው የማያልቅ ልጅ ነበር። ዛሬ ባንክ ውስጥ ጥሩ ቦታ ላይ ነው። መኪናም አለው። «ቲቸር፣ እርስዎ ሳይመጡ ኬኩ አይቆረስም» ብሎ ራሱ መጥቶ ወሰደኝ። ምን ልበላችሁ፣ መምህር ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረክ መሪው የክብር እንግዶችን ያስተዋውቃል። ዶክተር እገሌ፣ ኢንጂነር እገሌ፣ ሥራ አስኪያጅ እገሌ። ጭብጨባው ይቀልጣል። የእኔ ተራ ሊደርስ ሲል ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «መምህር፣ የትምህርት ደረጃዎን ምን ብዬ ላስተዋውቅዎ?» አለኝ።

እኔ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ዲግሪዬን በክረምት ጀምሬ ነበር። ሁለት ክረምት ከተማርኩ በኋላ እናቴ ታመመችና እሷን ለማስታመም አቋረጥኩት። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩበትም። ይህን ልነግረው እችል ነበር። ወይም «የታሪክ መምህሩ በል፣ ይበቃል» ማለት እችል ነበር። ግን ግራና ቀኜን አየሁና «ዲግሪ በል፣ በታሪክ» አልኩት።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ቃል። ስሜ ተጠራ፣ ዲግሪዬ ተጠራ፣ ተነስቼ እጅ ነሳሁ፣ ተጨበጨበልኝ። የተጨበጨበው ግን ለእኔ አልነበረም። ለማላውቀው ለአንድ ባለ ዲግሪ ሰውዬ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። ድግሱ ሊያልቅ ሲል ግን ልጁ እጄን ይዞ ወደ በረንዳ አወጣኝ። ከውስጥ ሙዚቃው ይሰማል። እሱ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ዛሬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል?» አለኝ። «ባዶ ነኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ቤት ሠራሁ፣ ተማርኩ፣ እሺ ከዚህ በኋላስ? እያልኩ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። እርስዎ በእረፍት ሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ እናይዎት ነበር። እውነት ያምኑበታል? እስቲ ይንገሩኝ።»

ወዳጆቼ፣ ሃያ ዓመት የጸለይኩት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። «ጌታ ሆይ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ላክልኝ» እያልኩ። ሰውየው ተላከ። ጥያቄውንም ራሱ ይዞ መጣ። እኔ ምን አልኩ? «አይዞህ፣ ድካም ነው። ትንሽ እረፍት ውሰድ፣ ያልፋል።»

አንገቱን ነቀነቀና «እሺ ቲቸር» ብሎ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ለምን ዝም አልኩ? መልሱን ስላላወቅኩ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በፊት ለአዳራሽ ሙሉ ሰው የዋሸሁበት አፍ እውነት ለመናገር አልከፈት ብሎኝ ነው። ደግሞም አሁን በእሱ ዓይን ትልቅ ሰው ነኝ። ስለ ኢየሱስ ማውራት ብጀምር «ወይኔ፣ ቲቸር ደግሞ ሰባኪ ሆነ» ብሎ ዝቅ አድርጎ ቢያየኝስ? እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር ብዬ ነው።

ያን ሌሊት እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

የሰፈራችን ሰዎች እንደምታውቁት የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈውም፣ ቀብር ላይ ቆሜ የማነበውም እኔ ነኝ። ቅርጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ በዚህን ያህል ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ከበለጠ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደክመዋል። ብዙ ሰው ጽፌያለሁ፤ ትልቅ የሚባለውም ትንሽ የሚባለውም ያው አንድ ገጽ ነው።

በዚህ ሥራ የታዘብኩት ነገር አለ። የትምህርት ደረጃ ስናነብ ማንም አያለቅስም። ሰው ጥላውን ያስተካክላል፣ ሰዓቱን ያያል። አንድ ጊዜ ግን እንጀራ ሸጠው የኖሩ አንዲት እናት ሞቱ። ትምህርታቸው የደርግ ጊዜው መሠረተ ትምህርት ብቻ ነበር። «የጎረቤት ልጅ በሌሊት ሲታመም አዝለው ጤና ጣቢያ ያደርሱ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ሕዝቡ አንድ ላይ አነባ። የታዘሉት ልጆች ጎልማሳ ሆነው እዚያው ቆመዋል። እኔም ማንበብ አቅቶኝ ቆሜያለሁ።

እና ያን ሌሊት፣ እኔ ብሞት ሌላ ጸሐፊ የእኔን ገጽ ሲጽፍ አሰብኩ። «በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ነበራቸው» ብሎ ቢያነብ? ሬሳዬ ላይ ቆሞ የእኔን ውሸት ሊናገርልኝ ነው። ሰው ይሰማው ይሆናል። እግዚአብሔር ፊት ስቀርብ ግን ማነህ ብሎ ወረቀቴን የሚጠይቀኝ የለም። የሚያውቀኝ ሳልወለድ ነው። ስለ በረንዳው ግን የሚጠይቀኝ ይመስለኛል።

ሰኞ ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። የቀኑ ትምህርት አክሱም ነበር። ይህን ትምህርት ስንት ዓመት እንዳስተማርኩት ታውቃላችሁ፤ በቃሌ ነው የምለው። ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ይገመታል፣ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ነው፣ እንደ ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ በርና መስኮት ተቀርጾበታል፣ አሁን መሬት ላይ ተሰባብሮ ተኝቷል። ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ሳለ ሳይወድቅ አልቀረም ይላሉ። ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለሰው 24 ሜትሩ ሌላኛው ነው። ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የወደቀው የማን ነው?»

«የመቃብር ምልክት ነው፤ የማን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ግን የለበትም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ሠሩት?»

«የንጉሡ ክብር እንዳይረሳ ነዋ» ስላት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ተቀርጾ የማይከፈት በር፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ክብር። የእኔም ሦስት ቃል ከዚህ በምን ይለያል?

ትምህርቱ ቀጥሎ ወደ ፍሬምናጦስ ይሄዳል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ የመጣ ልጅ ነው። ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ መርከባቸው ተያዘች፤ አብረውት የነበሩት ሲገደሉ እሱና ወንድሙ ኤዴስዮስ ተረፉ። ሩፊኖስ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚተርከው ልጆቹ የተገኙት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነው። ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ ጸሐፊ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ በዚያ ሥልጣኑ ላይ ሳለ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ ያበረታታ ነበር። በኋላ ነፃ ሲወጣ ወንድሙ ወደ ሀገሩ ሄደ። እሱ ግን እስክንድርያ ወርዶ አትናቴዎስን «ለእነዚያ ሰዎች ጳጳስ ላክላቸው» ብሎ ለመነ። ለራሱ አልጠየቀም። የተላከው ግን ራሱ ሆነ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው።

የኢዛናን ሳንቲሞች ያየ ሰው ያውቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፣ በኋለኞቹ ላይ መስቀል። 500 ቶን ድንጋይ ያቆመው ስም ጠፋ። በምርኮ የመጣው ልጅ የተናገረው ቃል ግን ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎ እናቴ ጆሮ ደረሰ፣ ከእናቴም ወደ እኔ።

ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ አላልኩም። ክፍል ውስጥ ሃይማኖት አይሰበክም፣ ትክክልም ነው፤ ትምህርት ቤት የሁሉም ልጅ ነው። ለተማሪዎቼ ታሪኩን አስተማርኳቸው። ለራሴ ግን ተሰበክኩ።

ለዓመታት ስለ እምነቴ የማልናገረው ዓይን አፋር ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። በኳስ ጉዳይ ስታፍ ሩም ውስጥ ከእኔ በላይ የሚጮህ የለም። የያዘኝ ትዕቢት ነው። እኛ ትዕቢት የሀብታምና የባለሥልጣን በሽታ ይመስለናል። በዲፕሎማ፣ በኪራይ ቤት፣ ደመወዝ ሳይደርስ ብድር እየጠየቁም ትዕቢተኛ መሆን ይቻላል። ሰው አሳንሶ እንዳያየኝ ብዬ እውነቱን መዋጤ፣ ያው ትዕቢት ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ያለችውን ሳምራዊት ሴት አስቡ። ሰው በሌለበት በቀትር ውኃ ልትቀዳ የወጣች ናት። ጌታን ካገኘች በኋላ ግን እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሮጠች። የተናገረችውም ሰው እንዳያነሳባት የምትሸሸውን የራሷን ታሪክ ጨምራ ነው። መጀመሪያ ስሟን አላደሰችም። እኔ ደግሞ ስሜን ከፍ አድርጌ ከዚያ ላይ ሆኜ ልመሰክር ፈለግኩ። ከዚያ ከፍታ ላይ ድምፅ አይሰማም።

ረቡዕ ደወልኩለት። ከሥራ ሲወጣ ቢሮው አጠገብ ያለች ትንሽ ሻይ ቤት ተገናኘን።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት። «ቅዳሜ ዲግሪ አለው የተባለው ውሸት ነው። እኔ ነኝ እንዲህ በል ያልኩት።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ስሰማ ጨርሰዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። ይህ ከስድብ በላይ አመመኝ። ቀጠለና፣ «ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ምን እንዳሉን ያስታውሳሉ? ‹እኔ አቋርጫለሁ፣ እናንተ ግን አታቋርጡ፣ እለፉኝ› ብለውናል። እኔ የተማርኩት በዚያች ቃል ነው። ሌሎቹ መምህራን ስለ ራሳቸው እንዲህ አይነግሩንም ነበር።»

እኔ ያልኩትን ረስቼዋለሁ። እሱ ግን አሥር ዓመት ይዞት ኖሯል። ልደብቀው ያፈርኩበት ነገር ለካ ለዚህ ልጅ ስንቅ ሆኖት ነበር።

ከዚያ በኋላ አፌ ተከፈተ። ረጅም ስብከት አልሰበክኩም። የማምነውን ነገርኩት። ሞት መጨረሻ እንዳልሆነ፣ ክርስቶስ ስለ እኔ ሞቶ እንደተነሣ፣ ወረቀቴንም ውሸቴንም አውቆ እንደሚወደኝ፣ እናቴ የሞተች ሌሊት ያቆመኝ ይህ ብቻ እንደነበር። «አባቴስ?» አለኝ። ከባድ ጥያቄ ነው። «ፈራጁ እኔ አይደለሁም። ፈራጁን ግን አውቀዋለሁ፣ መሐሪ ነው» አልኩት። አለቀሰ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ተአምር ሆነ ብዬ እንዳላጋንን። ተንበርክኮ አልጸለየም። «አሁንም ጥያቄ አለኝ» ነው ያለኝ። ከዮሐንስ ወንጌል አንድ ምዕራፍ ከስልኩ ላይ አብረን አነበብን። ሒሳቡን ልክፈል ብዬ ተጣላን፣ እሱ አሸነፈ። የሚቀጥለው ረቡዕም ተገናኝተናል። ይህን እንድጽፍም እሱ ፈቅዶልኛል።

መድረክ መሪውንም ስልኩን አፈላልጌ ነገርኩት። ስቆ «ኧረ ምን ችግር አለው መምህር!» አለኝ። ችግርማ ነበረው።

እንግዲህ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ይህን እርማት ተቀበሉኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ዋሽቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዲግሪውን እግዚአብሔር ቢፈቅድ እጨርሰዋለሁ፤ ባልጨርሰውም የሕይወት ታሪኬ አንድ ገጽ ነው።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልተው። በረንዳ ላይ አውጥቶ የጠየቃችሁ፣ እናንተም «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላችሁ የሸኛችሁት ሰው አለ? ስልኩ እጃችሁ ላይ ይኖራል። ደውሉለት። መጀመሪያ ግን ስለ ራሳችሁ እውነቱን ንገሩት።