እንደ ቅቤ የለሰለሰው ካምቢዮ

በዚህ ሰሌዳ ላይ መምህራን ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተሳካላቸው ነገር ነው። እኔም በክፍል ውስጥ የጋራዥ ዘመኔን እያነሣሁ ጉራ እንደምነዛ የአውቶ ክፍል ሰልጣኞች ያውቁታል። ሰሞኑን ግን አንዲት ሰልጣኝ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሞተሩ ከባድ ሸክም እንደያዘ በምን ያውቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ግማሹን መለስኩላትና ደወል ተደወለ። ቀሪው ግማሽ ይኸው፤ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬው አላውቅም።

በ1995 ዓ.ም. አሜሪካን አገር፣ ዴንቨር ከተማ፣ በአንድ ጋራዥ እሠራ ነበር። ከደንበኞቻችን መካከል ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ያገራችን ሰው ነበሩ። መኪናቸው በ1989 እ.ኤ.አ. የተሠራች ዶጅ ፒክአፕ ስትሆን፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 5.9 ሊትር የከሚንስ ናፍጣ ሞተር፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያላት ናት። በተጎታች አሮጌ መኪናዎች እየጫኑ ከተራራው ማዶ ላሉ ነጋዴዎች ያደርሱባት ነበር፤ ቤተሰባቸው የሚበላው ከርሷ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ባለ ሦስት ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ተቃጥሎ መጣ።

የራሷን ዓይነት ካምቢዮ መግዛት ውድ ሆነባቸው። እኔ ደግሞ ከአሮጌ መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ከጄኔራል ሞተርስ የቤንዚን መኪና የወረደ ተርቦ ሃይድራማቲክ 400 አየሁ። ይህ ካምቢዮ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥንካሬው የተመሰከረለት ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼን እገጥምልዎታለሁ።»

«የቤንዚኑ ለናፍጣ ይሆናል ትላለህ?»

«እንዴታ!»

የካምቢዮውና የሞተሩ ብሎኖች ቀዳዳ ስለማይገናኝ በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን አስፈለገ። ሳህኑ ከሞተሩ ዘንግ እምብርት ለጸጉር ያህል እንኳ ዝንፍ እንዳይል ለሁለት ቀን ስለካ ስፈትሽ ከረምኩ። የኋላውን ዘንግ አሳጠርኩ፤ የካምቢዮውን መሸከሚያ ብረት ቦታ ቀየርኩ። እስከዚህ ድረስ ዛሬም የማፍርበት ሥራ የለም።

ችግሩ የመጣው ካምቢዮው የሹፌሩን እግር ስለማያይ ነው። ሸክሙን የሚያውቀው ከጎኑ በተሰካች፣ ሞዱሌተር በምትባል ትንሽ ጣሳ አማካይነት ነው። ከርሷ አንድ ቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይሄዳል። የቤንዚን ሞተር ፔዳሉ ሲለቀቅ የአየር በሩ ስለሚዘጋ ውስጡ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በሩ ይከፈትና መሳቡ ይጠፋል። እንግዲህ ጣሳዋ መሳብ ሲሰማት «ሸክም የለም» ብላ በካምቢዮው ውስጥ ያለውን የዘይት ግፊት ትቀንሳለች፤ መሳቡ ሲጠፋ «ከባድ ነው» ብላ ግፊቱን ትጨምራለች፣ ማርሽ መቀየሩንም ታዘገያለች። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንዲህ ያለ የአየር በር የለውም። አየሩ እንደልቡ ይገባል፤ ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ነው። ስለዚህ ለጣሳዋ የሚነግራት የለም።

መጀመሪያ ቱቦዋን ክፍት ትቼ ስሞክር መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ወደ ሁለተኛ አልሄድ አለች። ካምቢዮው ፔዳሉ እስከ ወለል የተረገጠ መስሎት ሞተሩ 4,000 ዙር ገደማ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ይህ ሞተር ደግሞ ከ2,500 ብዙም አያልፍም። የማይመጣ እንግዳ መጠበቅ ማለት ይኼ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብልጥ የሆንኩት። መኪናዋ ለፍሬን የሚያገለግል፣ አየር የሚስብ የራሷ ፓምፕ አላት። ከርሱ አንድ ቱቦ ቀጥዬ ጣሳዋ ላይ ሰካሁ። ወዲያው ማርሾቹ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እንደ ቅቤ ለሰለሱ! ጋሼን ጎኔ አስቀምጬ ከተማውን ዞርን፤ ባዶ መኪና፣ ሜዳ መንገድ። «ይኸውልዎ፣ ሲለሰልስ ጥሩ ነው» አልኳቸው። (ክፍል ጸጥ ሲል ትምህርቱ ገባቸው ብሎ ደስ ያለው መምህር ስሜቴን ይረዳልኛል።) የግፊት መለኪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። አላወረድኩትም።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከባድ ጭነት ጎትተው ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ወጡ። መንገዱ አይዘንሃወር ዋሻ ድረስ ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ጣርማ በርን በጭነት የወጣ ሰው ይገምተዋል። አመሻሹ ላይ ደወሉ። «ልጄ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ሽታው ደግሞ ሌላ ነው።» ጎትተን አመጣናት። ዘይቱ እንዳረረ ቡና ጠቁሯል። ጭነቱን ሲጠብቅ የነበረው ነጋዴም ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠ።

«ካምቢዮው ያረጀ ነበር ጋሼ፣ ምን ይደረግ» አልኳቸው። አመኑኝ። ዕቁባቸውን ተራ ለምነው ቀድመው ወስደው ሁለተኛ ካምቢዮ ገዙ።

እርሱን ከመግጠሜ በፊት በነበረው ሌሊት ነው አንድ የቆየ የጥገና መጽሐፍ ያገላበጥኩት። ጄኔራል ሞተርስ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ካምቢዮ ከራሱ 6.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ጋር ገጥሞ ይሸጥ ነበር። ሥዕሉ ላይ ከናፍጣ ፓምፑ ጎን አንዲት ትንሽ ቫልቭ ትታያለች፤ ፔዳሉ በተረገጠ መጠን የመሳቡን ኃይል እየቀነሰች ለጣሳዋ ታስተላልፋለች። ላብ በላብ ሆንኩ። የኔ ቱቦ ዳገት ላይም፣ ጭነት ላይም፣ ሁልጊዜ «ሸክም የለም» ሲል ነበር የቆየው። ግፊቱ ዝቅ ስላለ ፍሪሲዮኖቹ ተጨብጠው አልያዙም፤ ያ ሁሉ ልስላሴ መንሸራተት ኖሯል።

ሁለተኛውን በቫልቭ ሠራሁት። ማርሹ ሞተሩ 2,500 ሳይደርስ እንዲቀየር የገቨርነሩን ሞላና ክብደት ለወጥኩ። ይህ ሞተር ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው 1,700 ዙር አካባቢ ስለሆነ ለርሱ የሚስማማ ቶርክ ኮንቨርተር አስገባሁ። መለኪያውንም አወረድኩት፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ 70 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ፣ ሲረገጥ 150 ገደማ አሳየ። ማርሹ አሁን ሲቀየር ቆንጠጥ ያደርጋል።

ጋሼ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነገርኳቸው። ረዥም ጊዜ ዝም አሉ።

«ሲለሰልስ ጥሩ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አውቀህ ነው?»

የመጀመሪያውን ካምቢዮ ዋጋ ከደመወዜ እየቆረጥኩ በአምስት ወር ከፈልኩ። በየወሩ ፊቴ ቆጥረው ይቀበሉኝ ነበር፤ «ተወው» አላሉኝም። መኪናዋን ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ጋራዥ ነው የወሰዷት።

መለኪያውን አዲስ አበባ ስመለስ ይዤው መጥቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በወርክሾፓችን ባለው መለማመጃ ሞተር ላይ እንሰካዋለን፤ ከሌላ ክፍልም ቢሆን ማየት የሚፈልግ ይምጣ። እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ ጥያቄውን የጠየቀችው ሰልጣኝ ቁጥሩን ታነባለች።